እናት ከቤት አትወጣም

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አባቴ እናቴን ቆልፎባት ነበር ብዬ ነው የኖርኩት» አለች መምህርቷ።

የአባቷ ጨርቅ ቆራጭ ወደ አፉ ያስጠጋውን የሻይ ብርጭቆ መልሶ አስቀመጠው። የአባቷ ሐዘን ሁለተኛ ቀን ነበር። ሳሎኑ በሰው ስለ ጠበበ ሁለቱ ወደ ሟቹ የልብስ መስፊያ ክፍል ዘልቀው ተቀምጠዋል። አራቱ የስፌት መኪኖች በአቡጀዴ ተሸፍነዋል፤ አባቷ አርባ ዓመት ጎንበስ ብሎ የኖረበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከጎረቤት የተዋሷቸው ሳህኖች ተደርድረዋል።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ራሱ ነዋ። እዚህ በር ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በቁጣ ‹ስንት ጊዜ ልንገርህ፣ እናት ከቤት አትወጣም!› ሲልዎት።»

ሰፈሩ «ሚሊሜትር» እያለ የሚጠራው ሽማግሌ ቆራጭ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሳቅ አመለጠው። በለቅሶ ቤት መሳቁን ሲያውቅ ደግሞ አፉን በመዳፉ ከድኖ ወደ ሳሎኑ በስርቆት ተመለከተ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! እናት እኮ ካርቶኗ ናት!»

ተነሥቶ ጥግ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተው። በውስጡ ቡናማ ካርቶኖች እንደ ደረቀ ቆዳ በመንጠቆ ተሰቅለዋል፤ የኮት ጀርባ፣ እጅጌ፣ አንገትጌ፣ የሱሪ ቁመት።

«እነዚህን ነው አለቃ፣ አባትሽ፣ እናት የሚላቸው። የልብሱ ሁሉ ልክ እዚህ ላይ ነው ያለው። ካርቶኗ ወደ ጠረጴዛ ከመጣች መቀስ ይነካታል፣ ሻይ ይደፋባታል፣ ጠርዟ ይበላል። ጠርዟ ከተበላ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚቆረጠው ሁሉ የተበላ ይሆናል። ስለዚህ እዚሁ እንዳለች በስስ ወረቀት ትገለበጣለች። ወረቀቷ ተላላኪ ትባላለች። ተላላኪ ትውጣ፣ ትቀደድ፣ ትጣል፤ ግድ የለም። እናት ግን ከቤት አትወጣም። ያን ቀን እኔ ሰነፍኩና ካርቶኗን ይዤ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋት። እሱን ነው የሰማሽው።»

መምህርቷ በአንድ እጇ የቁም ሳጥኑን መዝጊያ ይዛ ቀረች። ዐሥራ አምስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምራለች። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ትስላለች፤ በመካከሉ ትንሽ ክብ። ትልቁ ሕዋስ ነው፤ ትንሿ አስኳሉ፣ ኒውክለስ ናት፤ የዘሩን ልክ የያዘው ዲኤንኤ በእሷ ውስጥ ይኖራል እንጂ አይወጣም። ሥራ ሲኖር የሚፈለገው ዘረመል ብቻ ወደ አርኤንኤ ይገለበጣል፤ ግልባጩ ወጥቶ ራይቦዞም ዘንድ ይደርሳል፤ ራይቦዞሙም ፊደሎቹን ሦስት ሦስት እያደረገ እያነበበ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ እየቀጠለ ፕሮቲን ይሠራል። ይህን ሁሉ ስትናገር፣ ነገሩ ሁሉ ከአባቷ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ በልጅነቷ ስታየው የኖረችው መሆኑ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። ቂም ዓይን ይጋርዳል፤ የሚጋርደው ደግሞ የቂመኛውን ዓይን ነው።

ከበሩ በኩል የዐሥራ አምስት ዓመት ልጇ አንገቷን አስግጋ ትሰማ ኖሯል።

«እማ፣ ዲኤንኤን አያቴ በካርቶን ቢያስተምረኝ ኖሮ እኮ ያን የባዮሎጂ ፈተና አልወድቅም ነበር።»

«አንቺ ደግሞ! ብርጭቆውን ሰብስቢ።»

ግን በሐዘኑ መካከል እንደ ረኃብ ያለ ነገር መምህርቷን ጠዘጠዛት፤ የማወቅ ረኃብ። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ክር ከተመዘዘ ጫፉ እስኪታይ አታርፍም።

«እንግዲያ ካርቶኗ ከሆነች… እናቴ ለምን አትወጣም ነበር?»

ሚሊሜትር በአንገቱ ያንጠለጠለውን ሜትር አውርዶ ቀስ ብሎ ጠቀለለው።

«ይኼ የእኔ ጨርቅ አይደለም፤ መቀስ አላሳርፍበትም። አክስትሽን ጠይቂ።»

*

ስለ እናቷ የምታስታውሰው ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚጎላው አንድ ነገር ነው፤ እናቷ ከክፍል ወደ ክፍል ስትሄድ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች መሄዷ። በልጅነቷ ይህን አይታ፣ እናቴ በር እየፈለገች ነው ብላ ታስብ ነበር። ተቆልፎባት በግድግዳው ላይ ሌላ መውጫ የምትፈልግ ሴት! በዐሥራ አንድ ዓመቷ እናቷ ሞተች። «ሳንባዋ ነው» አሏት። ከዚያ ወዲያ በእሷና በአባቷ መካከል የነበረው ነገር ሰላምታ ብቻ ሆነ። ስታገባም አላማከረችውም፤ ነገረችው። እሱም ጠባዩን አልለወጠም። ለልጅ ልጁ በየዓመቱ አንድ ኮት ይሰፋል፤ ልኳን በሜትር ለክቶ አያውቅም፤ እጅጌው ግን አንድ ቀን እንኳ አጥሮ ወይም ረዝሞ አልተገኘም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መምህርቷ የሻይ ትሪ ይዛ ወደ ሳሎን ስትገባ፣ እግሯ ደፉን ሳተ። አልወደቀችም፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ እንጂ። ሳሎኑ ግን ጸጥ አለ። ከበስተጀርባዋ አንዲት ሴት ስታንሾካሹክ ሰማች፤

«እርምጃዋን አየሽ? ቁርጥ እናቷን!»

«ዝም በይ እቴ፣ ትሰማሻለች።»

ቁርጥ እናትሽን። ዕድሜዋን ሙሉ ሲሏት የኖሩት፣ ሲሏትም ደስ የሚላት ቃል ነበር። አሁን ግን ሌላ ድምፅ ነበረው። ባለፈው ወር ሰሌዳ ላይ የጻፈችው መስመር ወደ ላይ ሲያዘግም ተማሪዎቿ «ዳገት ጀመረች» ብለው ሲሳሳቁ ትዝ አላት። ጠመኔው ነው ብላ፣ መነጽሬ ነው ብላ፣ ድካም ነው ብላ አልፋዋለች። ትሪውን አስቀምጣ አክስቷን፣ የእናቷን እኅት፣ በዓይን ጠቅሳ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

«እትዬ፣ እናቴ ምን ሆና ነው የሞተችው?»

«ሳንባ አልንሽ አይደል?»

«አሁን የጠየቅሁሽ እኮ ሌላ ነው። ምን ብላችሁ ነገራችሁኝ አላልኩም።»

አክስቷ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች፤ ፈታችው፤ ደግማ ጠመዘዘችው።

«መሬቱ ይነሣባት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ቆማ ሳለ መሬቱ እንደ ጀልባ ይሆንባታል። እናታችንም እንዲሁ ሆና ነው የሞተችው፤ አንድ አጎታችንም። እናትሽ ገበያ መካከል ወደቀችና ሰው ‹ጠጥታ ነው› ብሎ ሳቀባት። ከውኃ በቀር የማታውቅ ሴት! ከዚያን ቀን ጀምሮ አልወጣም አለች። አባትሽ ተንበርክኮ ሲለምናት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ‹ክንዴን ያዢ፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ብቻ› ሲላት። እምቢ አለች። ይኼ ቤት ተቆልፎ አያውቅም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሷ አስማለችን። ‹ልጄን ዘሯን እየቆጠሩ በር እንዳይዘጉባት› ብላ።»

«እንደምጠላውስ ያውቅ ነበር?»

«ማወቅማ ያውቃል። ‹ከምትፈራ ብትጠላኝ ይሻላል› ይል ነበር።»

መምህርቷ አላለቀሰችም። የሳሎኑ ሰው ለቅሶ እስኪሰማ ጠበቀ፤ የሰማው ግን የቁም ሳጥን በር ሲጢጥ ሲል ነው።

*

በአራተኛው ቀን ጠዋት ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያወረደች ስትመለከት ልጇም ሚሊሜትርም አጠገቧ ነበሩ። ከሁሉም ኋላ፣ በመጨረሻው መንጠቆ ላይ፣ ሁለት ረጃጅም የጉርድ ቀሚስ ካርቶኖች አብረው ተሰቅለዋል። በመልክ አንድ ናቸው፤ አንደኛዋ ግን ከሌላዋ በጣም ትረዝማለች።

«እሷን እንኳ ተያት» አለ ሚሊሜትር። «የውርደታችን ሐውልት ናት።»

«ምን ሆና?»

«አለቃ ለአንድ ትምህርት ቤት አርባ ጉርድ ቀሚስ ታዝዞ፣ የሽብሽቡን፣ የእጥፋቱን ምልክት በጥቅል ካርቶን ላይ ያወጣ ነበር። አንድ ምልክት፣ ከጎኑ ያንኑ፣ ከጎኑ ያንኑ። በመካከል ተጠርቶ ወጣ። ሲመለስ ልቡ ከእሱ ጋር አልነበረም፤ የቀረውን ከመጨመር ይልቅ ከአንድ ጀምሮ ሁሉን እንደገና አወጣ። እኔም ተላላኪዋ ያለችኝን ቆረጥኩ፤ ሰፊዎቹም የሰጠኋቸውን ሰፉ። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ እምቢ አለ፤ አይታጠፍ፣ አይወርድ! አርባ ልጃገረድ እንደ ድንኳን ተገትራ ቀረች። እኛ ልብሱን ስንራገም እሱ ምን አለ? ‹ልብሱን አትስደቡት፤ የተጻፈለትን ነው የሆነው።›»

መምህርቷ ረጅሟን ካርቶን ወደ መስኮቱ አስጠጋቻት። በጠርዟ ላይ የአባቷ ደቃቅ የእርሳስ ጽሕፈት ነበር፤ «ዐሥራ ስምንት መሆን ሲገባው ሠላሳ አንድ ሆነ። ዐሥራ ሦስተኛው ላይ ሳለሁ፣ ገበያ ላይ ወደቀች ብለው ጠሩኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ግን ያነበበችው መምህርቷ ናት እንጂ የአባቷ ልጅ አልነበረችም። እርምጃ የሚያናውጡ አንዳንድ ሕመሞች ከዚህ የተለዩ እንዳልሆኑ ታውቃለች፤ በአንድ ዘረመል ውስጥ አንድ ባለ ሦስት ፊደል ቃል፣ ከልኩ በላይ እንደ መንተባተብ ተደጋግሞ ይጻፋል። ግልባጩም ይንተባተባል። ፕሮቲኑም እንደ ታዘዘው ረዝሞ ይሠራል፤ ከዚያ በልኩ መታጠፍ ያቅተዋል፤ የሰውን ሚዛን በሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ውስጥ ይከማቻል። ማንም አልበደለም። መቁጠር ብቻ ተሳስቷል።

«ለምን አልጣላትም?» አለች ልጅቱ። «የታረመችው አጠገቧ አለች አይደል?»

«እናት ብትሳሳትም አትጣልም አለ» አለ ሚሊሜትር።

መምህርቷ ሁለቱን ካርቶኖች በሁለት እጇ ይዛ ወደ ልጇ ዞረች።

«ስሚኝ። እናቴን መሬቱን ያናወጠባት ሕመም እንዲህ ያለ የቁጥር ስሕተት ሳይሆን አይቀርም። ሰው ከእያንዳንዷ ዘረመል ሁለት ሁለት አለው፤ አንዷን ከእናቱ፣ አንዷን ከአባቱ። እናቴ እነዚህ ሁለቱም ነበሯት። ለእኔ የሰጠችኝ አንዷን ብቻ ነው።»

«የትኛዋን?»

«አላውቅም።»

«አይቆጠርም?»

«ይቆጠራል። ከደም።»

የልጅቱ ዓይኖች ከአጭሯ ወደ ረጅሟ፣ ከረጅሟ ወደ አጭሯ ተመላለሱ።

«ስለዚህ አጭሯ ከደረሰችሽ እኔም ነፃ ነኝ። ረጅሟ ከደረሰችሽ ደግሞ ለእኔም እንደገና ግማሽ በግማሽ ነው።»

«አሁን ፈተናውን አለፍሽ።»

«ፈርተሻል፣ እማ?»

«በጣም። ግን ሳያውቁ ግድግዳ መዳበስ ይብስብኛል።» ካርቶኖቹን እንደ ነበሩ አንድ መንጠቆ ላይ መለሰቻቸው። «የአንቺን ስታድጊ አንቺው ትወስኛለሽ፤ መቁጠሩንም መተዉንም። እኔ ግን ይህን ቁም ሳጥን አልዘጋብሽም።»

*

በአምስተኛው ቀን ማለዳ መምህርቷ ጫማዋን አድርጋ ሳሎን ስትገባ አክስቷ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ሐዘን ተቀምጠሽ ወዴት ነው? ሰው ምን ይላል?»

መልሱን የሰጠችው ልጅቱ ናት። አያቷ የሰፋላትን የመጨረሻ ኮት ለብሳ ነበር፤ እጅጌው ልክ አንጓዋ ላይ ያበቃል።

«ዛሬ እናት ከቤት ትወጣለች» አለች።

አክስቷ አልገባትም። ጥግ የተቀመጠው ሚሊሜትር ግን አቀርቅሮ በሜትሩ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ከሳሎኑ እስከ ግቢው በር ሦስት ደረጃ አለ። መምህርቷ ከመጀመሪያው ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመች። ግድግዳው በስተቀኝ ነበር፤ እጇን ወደዚያ አላነሣችም።

«ክንድሽን ስጪኝ» አለቻት ልጇን።

ሰጠቻት። በሰዉ ሁሉ ፊት፣ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ወርደው፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄዱ፤ ከመንገዱም ጫፍ አልፈው ሄዱ። መምህርቷ ያን ቀን ጠዋት ሐኪም ቤት እንዲቆጠርላት ደሟን ሰጠች።