ሁሉም በግራ ጎን

ሰኞ ጠዋት ገንዳ አጣቢዋ የሱቁን መብራት ስታበራ አምስተኛውን ዓሣ ጎኑ ተልጦ አገኘችው። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ቅርፊቱ የለም፤ ሥጋው ነጣ ብሎ ይታያል።

የጌጥ ዓሣ በሚሸጥበት በዚህ ሱቅ የመስተዋት ገንዳ ስታጥብ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ባለቤቱ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ መጥተው ጎንበስ ብለው ዓሣውን አዩ።

«በረኪና ነው» አሉ። «ወለል ባጠብሽበት ባልዲ ለዓሣ ውሃ ትቀጂያለሽ።»

«አልቀዳም ጋሼ። የወለሉ ቀዩ ነው፣ የዓሣው ሰማያዊው።»

«እንግዲህ እስከ ዓርብ አያለሁ። አንድ ቢጨመር ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

ሂሳብ ተቀባይዋ፣ የጋሼ የእህት ልጅ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «እትዬ በረኪና» ትላታለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለገንዳ አጣቢዋ ግን የተሰጣት አራት ቀን ነው። ይባስ ብላ ራሷን መጠርጠር ጀመረች። ባለፈው ወር ሰማያዊው ባልዲ ቢሸታት በበረኪና አጥባው ነበር። አራት ጊዜ አለቅልቃዋለች። ወይስ ሦስት?

ረቡዕ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ከገንዳው ፊት ተቀመጠች። የቆሰሉትን አንድ በአንድ አየች። ቁስሉ ሁሉ በግራ ጎን ነው። የአምስቱም። በቀኝ በኩል ጭረት እንኳ የለም።

«ለመሆኑ በረኪና ግራና ቀኝ ይለያል?» አለች ጮክ ብላ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ እትዬ በረኪና» አለች ሂሳብ ተቀባይዋ ስልኳን እየነካካች።

«ይውጣ። ከእኔ ራስ ይውረድ እንጂ።»

ከዚያ ዓይኗ አንዱ ላይ አረፈ። ባለፈው ወር ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ቀጭን ዓሣ ነው፤ አፉ ወደ ቀኝ የተጣመመ ስለሆነ ስቀውበት ነበር። ምግብ ሲበተን አይመጣም። አሳዝኗት ለብቻው ብትጥልለትም አይነካውም። ግን አልከሳም። ምን እየበላ ነው ታዲያ? ስታየው ሌሎቹን ከኋላ ከኋላ ይከተላል፣ ሁልጊዜ በግራቸው በኩል።

ሐሙስ ጠዋት ስድስተኛው ተልጦ ተገኘ። ጋሼ ለቁልፉ እጃቸውን ዘረጉ።

«እሰጥዎታለሁ» አለች ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ። «መጀመሪያ እዚህ ቆመው ያንን ጠማማ ይዩልኝ። ቅርፊታቸውን የሚበላው እሱ ነው።»

«ዓሣ የዓሣ ቅርፊት ይበላል? ሰው የሰው ካፖርት ሲበላ አይተሻል?»

ቢሆንም ቆሙ። ጠማማው ድንጋይ ሥር ገብቶ ክንፉን እንኳ አላወዛወዘም። ሩብ ሰዓት ሄደ። ሂሳብ ተቀባይዋ ከኋላ ትስቃለች፤ ገንዳ አጣቢዋ ዓይኗን ከድንጋዩ አላነሣችም። ጠግቦ ቢሆንስ? ስድስተኛውን የበላው ገና አሁን አይደል?

«በቃ፣ ሴትዮ» አሉ ጋሼ።

«አልበቃም።»

ጋሼ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ጠማማው ተነሣ። አንዱን ወፍራም ዓሣ በዝግታ ከኋላው ተጠጋው፣ በግራው በኩል ዞረና ተወረወረበት። አፉ ላይ ብልጭ ያለ ነገር ታየ፤ ወዲያው ዋጠው። ወፍራሙ እየተንዘፈዘፈ ሸሸ።

የጋሼ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ መረብ አንስተው በገዛ እጃቸው አጠመዱት፣ ለብቻው ገንዳ ውስጥ ከተቱትና እጃቸውን ጠረጉ።

«በይ ሥራሽን ቀጥይ።»

ገንዳ አጣቢዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«ይቅርታዬ።»

ሂሳብ ተቀባይዋ ስልኳን አስቀመጠች። ከበረኪናው ያመለጠችው ሴት አሁን በምላሷ ልትባረር ነው። ገንዳ አጣቢዋም ያንኑ አስባለች።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ» አሉ ገንዳውን እያዩ።

«የተበደለችው እዚህ ናት» አለች። «ወደዚህ ዞር ይበሉ።»

ጋሼ ዞሩ።