የናፊሩ ተራ

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ላይ ቢሮዎቹ ወንበር ሳይገዙ ማኅተም አስቀርጸው ነበር፤ ማኅተም ያለው ሁሉ ደግሞ ለሜሳ ከሚመራው ወርክሾፕ የሚያዘው ነገር አያጣም። አንዱ የበቆሎ መፈልፈያ፣ ሌላው የእጅ ፓምፕ፣ ሌላው ጋሪ፣ ሌላው ዘመናዊ ቀፎ ይላል። ለሜሳ የባምባሲ ልጅ ነው፤ ጥሩ ሰው፣ እምቢ ማለት ያልፈጠረበት። ሁሉንም "እሺ" አለ። ሁሉም ተጀመረ፣ አንዱም አላለቀም።

ስንፍና ቢሆን ኖሮ ቁጣ ይበቃቸው ነበር። ሠራተኞቹ ከጧት እስከ ማታ ላባቸውን ያንጠፈጥፋሉ። ግን አናጢው በያጁን ይጠብቃል፣ በያጁ ብረት ቆራጩን ይጠብቃል፣ የሚጠብቅ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ላለመቀመጥ ሌላ ዕቃ ይጀምራል። ግቢው በግማሽ ዕቃ ተሞላ። በመጨረሻ የበላይ ኃላፊው ለሜሳን አስጠርተው፣ "ሰኞ ኮሚቴ ይመጣል። ያለቀና የሚሠራ አንድ ዕቃ ካላሳየህ ወርክሾፑ ይዘጋል፤ ሰዎችህም ይበተናሉ" አሉት።

ለሜሳ ከቢሮው ወጣ። ቢበተኑ ሌላ ደመወዝ የሚያገኝ ከመካከላቸው አንድም ሰው አልታየውም። አዲስ አበባ ሠልጥኖ ያመጣው የሥራ ዕቅድ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ አለ፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ያሳየዋል እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም።

መላው የመጣለት ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ነው። የአካባቢው በርታዎች ናፊር አላቸው። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ የአንዱን ሰው ማሳ አርሞ ይጨርስና ወደ ሌላው ያልፋል። ሁሉም ማሳ ባንዴ አይነካም። ለሜሳ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም አንድ ዕቃ ላይ ነን። እሱ ሳያልቅ ሌላ አይነካም። ናፊር ነው" አለ። ሰዎቹ ተያዩና ፈገግ አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ይሄን ማንም አላስተማራቸውም።

ለማለቅ የቀረበው መፈልፈያው ነበር። የጎደለው ኩሽኔታና መዘውር ነው፤ ሁለቱም አሶሳ ገበያ የሉም። ያሉት ፓምፑ ላይ ብቻ ነው። ፓምፑ ደግሞ ለበያጁ ለዓብዱልባሲጥ መንደር የታሰበ ነው። መንደሩ ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ይቀዳል፤ ባለፈው ክረምት ተቅማጥ የገባበት ቤት ሁሉ ልጅ ቀብሯል።

"አቡ ነዕማ፣ ፓምፑን ልንፈታው ነው" አለ ለሜሳ አንገቱን ደፍቶ። ሽማግሌውን በልጃቸው ስም ነበር የሚጠራቸው።

"ናፊር ነው ያልከው፣ ኡስታዝ?" አሉ፤ የተማረ ሰው ሁሉ ለእሳቸው ኡስታዝ ነው።

"ናፊር ነው።"

"ከዚህ ቀጥሎ ተራ የማን ነው?"

"የእርስዎ። ፓምፑ ነው።"

"ኸላስ፣ አለቀ" አሉ ዓብዱልባሲጥ። መፍቻውን አንስተው ፓምፑን ራሳቸው ፈቱት።

ሰኞ መፈልፈያው በቆሎውን ሲያራግፈው ኮሚቴው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ሰብሳቢው የለሜሳን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ "ይሄንን ናሙና ዓርብ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ ግልገል በለስ ላይ እናሳየዋለን። እስከ መኸር ደግሞ እንዲህ ያለ እየሠራችሁ ለየወረዳው ታደርሳላችሁ፤ ሌላ ሥራ አትንኩ። ይቻላል?" አሉ።

ዓብዱልባሲጥ ከኋላ ቆመው ያዩታል። ለሜሳ ወርክሾፑ ሲተርፍ ታየው።

"እሺ" አለ።

ኮሚቴው ሲሄድ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ "ፓምፑ ይቆያል እንጂ አይቀርም" አላቸው። ሰዎቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወጡ። በማግስቱ ግቢውን ከፍቶ ጠበቀ፤ ማንም አልመጣም። የአገሩ ልጅ፣ አናጢው ኦልጅራ እንኳ ቀረ።

እየሮጠ ማለት ይቻላል ዓብዱልባሲጥ ቤት ደረሰ። በአክብሮት ተቀበሉት፣ አስቀመጡት። ነዕማ በጣሳ ውሃ አቀረበችለት። ውሃው ደፍርሷል። ሰው ቤት ነውና ጠጣው።

"አቡ ነዕማ፣ ወርክሾፑ ይዘጋል እኮ። በምን ትኖራላችሁ?"

"ይዘጋል" አሉ። ቁጣ የለባቸውም፣ እሱ ነው ያስፈራው። "ናፊር አንተ ነው ያልከው። ሥራ ብቻ ብትል፣ ሥራ ብለን እንመጣ ነበር። የናፊር ጉልበት በልቶ የሌላው ተራ ሲደርስ የሚቀር ሰው፣ እኛ አገር ማንም አይሰድበውም። ወደ ማሳው ግን ማንም አይሄድም።"

"ፓምፑን ዛሬ ብጀምርስ?"

"ጀምር።"

"ትመጣላችሁ?"

ሽማግሌው ባዶውን ጣሳ አንስተው ለልጃቸው መለሱላት። "ጀምር፣ ኡስታዝ" አሉ እንደገና።

ለሜሳ ወርክሾፑ ሲመለስ ፀሐይ ግቢውን ሞልታዋለች። መፈልፈያው በሩ አጠገብ ተወልውሎ፣ መኪናውን እየጠበቀ ቆሟል። መፍቻ ያዘና ከፊቱ ተንበረከከ። መዘውሩን ለፓምፑ ለመመለስ ብሎኑን ማላላት ጀመረ።