ዛሬ ስለ ሕመም አይወራም

"ዱዌን፣ ጫማህን አጥልቅ" አለች ቨርላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዱዌን ግን ግራ እግሩን ከቦት ጫማው አውጥቶ ካልሲውን እየገፈፈ ነበር፤ ያውም ጥብሱና ፓይ የሚሉት የቼሪ ኬክ ከተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ። እንግዳዋ ኬንድራ ሹካዋን አስቀምጣ ወደ እግሩ ጎንበስ አለች።

የኛ ሰው መቼም አያስችለውም። የሐኪም ረዳታችን ክረምት ላይ ጥሎን ከሄደ ወዲህ ክሊኒኩ ተዘግቷል። የሚመረምረን፣ መድኃኒት የሚያዝልን ጠፍቶ ለልጅ ጆሮ ሕመም እንኳ የበቆሎ እርሻውን ሁሉ አቋርጠን ከተማ ድረስ እንነዳለን። እዚህ የኔብራስካ ጥግ ዶክተር እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቃለን። የሥራ ማስታወቂያችንን አይታ የመጣች የሐኪም ረዳት ኬንድራ ብቻ ናት። እሷም እንቢ ካለች ክሊኒኩ ተሸጦ ያልቃል።

ስለዚህ የክሊኒኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቨርላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እራት አሰናድታ፣ በር ላይ ቆማ አስጠንቅቃን ነበር። "ዛሬ ስለ ሕመም የሚያወራ ወዮለት። ያኛውንም ያባረርነው ጉሮሮው ላይ ቆመን ነው።"

ራሷ በዚያ ሙቀት ሻርፗን አላወለቀችም። ከሥሩ ከፋሲካ ጀምሮ የሚያድግ እብጠት አለ። ክሊኒኩ ሲከፈት እታያለሁ እያለች ራሷን ታታልላለች እንጂ ከተማ ያልሄደችው ፈርታ ነው።

"ስኳር አለብዎት?" አለች ኬንድራ የዱዌንን ጣቶች እያየች።

"ማን ነግሮኝ።"

ከዚያ ወዲያ ማን ይመለስ። አንዱ ትከሻውን፣ አንዷ የልጇን ሽፍታ ይዘው ከበቧት። የኬንድራ ጥብስ ቀዘቀዘ፤ ቨርላም ሳህን ማንሳት ጀመረች።

እራቱ ሲያበቃ ቨርላ እንግዳዋን እስከ መኪናዋ ሸኘቻት።

"ይቅር በይን ልጄ። የሚያየው አጥቶ የከረመ ሰው ነው።"

"ገብቶኛል። ምንም ያላሳዩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት" አለች ኬንድራ ሻርፑን እያየች። "በዚህ ሙቀት ይበርድዎታል?"

ቨርላ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሻርፑን ፈታችው። ኬንድራ እብጠቱን በጣቶቿ ዳሰሰችው።

"ሥራ ስትጀምሪ ላሳይሽ ነበር" አለች ቨርላ።

"እኔን አይጠብቁ። መጣሁም ቀረሁም፣ ነገውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።"

"ትመጫለሽ ግን?"

"አልዋሽዎትም፤ ገና አልወሰንኩም።"

መኪናዋ ከሄደች በኋላ ቨርላ ሻርፑን ኪሷ ከትታ ተመለሰች። ዱዌን ብቻውን ቀርቶ ከቦቱ ጋር ይታገላል።

"ተቀየምሽኝ?" አለ ቀና ሳይል።

"በጣም። ይሄ እግርህ መንዳት ይችላል?"

"የምነዳው በቀኙ ነው። ምነው?"

"ነገ ጠዋት ሆስፒታል ውሰደኝ" አለች። "ብቻዬን ከሆንኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።"