ከኋላ የገፉት ግንበኞች

"ስቆጥር ብቻ ግፉ፤ ዝም ብሎ መታገል ዋጋ የለውም" አለ ባለ ታክሲው፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

የታክሲው የኋላ ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ተመራማሪዋ እህቱ በአንድ እጇ ጫማዋን ይዛ በሌላው ትገፋለች፤ ምን ያህል እንደጠቀመች መኪናው ይወቀው። ከጎኗ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትታገላለች።

"አንድ፣ ሁለት፣ አሁን።"

መኪናው ወደ ፊት ሄድ ብሎ ተመለሰ። ሲመለስ ጠብቆ እንደገና ቆጠረ። በስድስተኛው ቆጠራ ጎማው ጭቃውን ለሁሉም አዳርሶ ወጣ።

"አያችሁ? ዋናው ቆጠራው ነው። ጉልበት ምን ያደርጋል?"

"ኧረ ወዲያ ጀግናው" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ "መጨረሻ ላይ ሦስት ግንበኞች መጥተው ሲገፉልህ ዞር ብለህ አይተሃል?"

ሁሉም ሳቁ። እህቱ ግን ፊቷ ቅጭም እንዳለ ታክሲው ውስጥ ገባች።

"አኮረፍሽ እንዴ? ሸሚዝሽ እንደሆነ ይታጠባል" አላት መንገድ ላይ።

"የሥራዬ ነገር ነው። ሞለኪውል እንደዚህ መኪና ወዲያና ወዲህ ይላል። የሌዘሩን ብልጭታ ቅርጽ እያስያዝን፣ ልክ ሲመለስ ብንገፋው በፈለግነው በኩል ይበጠሳል ነው የምንለው።"

"ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ቆጠራ ነው።"

"ግንበኞቹስ?"

ወንድሟ ማርሽ ቀየረ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ የጻፈችው ጥናት ተከፍቶ ይጠብቃታል። እስከ ስድስት ሰዓት ካልገባ ምረቃዋ ለከርሞ ይተላለፋል፤ እናቷ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። ኮምፒውተሩ ለወራት ሺህ ዓይነት የብልጭታ ቅርጽ ሞክሮ ምርጡን አግኝቶላታል፤ የሚበጠሰው ሞለኪውል እጥፍ ሆኗል። ችግሩ፣ ያ ቅርጽ ከሌሎቹ የበለጠ ብርሃንም ያሳልፋል። ይህን ካወቀች ሁለት ሳምንቷ ነው። ብርሃኑን ቀንሶ ከሌሎቹ ጋር እኩል የሚያደርግ ግራጫ መስታወት መሳቢያዋ ውስጥ አለ። ብትሞክረው፣ ሥራውን የሠራው ቅርጹ ይሁን የብርሃኑ ጉልበት ያኔ ይለያል። መሳቢያውን ግን ስትከፍትና ስትዘጋ ነው የከረመችው።

የጸዳ ጠረጴዛ ወለወለች። የጠበቀ ብሎን አጠበቀች። ቁጭ አለች፤ ተነሳች።

አማካሪዋ በሩን ገፋ አድርገው ብቅ አሉ። "አልላክሽውም?"

"አንድ ልኬት ቀርቶኛል፣ ፕሮፌሰር።"

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ሁለት ሰዓት።"

ሰዓታቸውን አዩ። "አሁን እኮ አምስት ሰዓት ነው። የኔ ልጅ፣ ማንም አልጠየቀሽም።"

"ልብስ ሰፊዋ ጠይቃለች።"

አማካሪዋ ግራ እንደገባቸው፣ "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" ብለው ሄዱ።

ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። "ተላከ? እማማ አላስቀምጥ ብላኛለች። መጥቼ ልውሰድሽ?"

መሳቢያውን ከፈተች። መስታወቱን በጠርዙ ይዛ የሌዘሩ ጨረር ከሚያልፍበት መንገድ ላይ አቆመችው።

"አትምጣ፤ ለእማማም ገና ነው በላት" አለችው። "ግንበኞቹን ከኋላ ላስነሳ ነው፤ ቆጠራው ብቻውን ያወጣው እንደሆነ ልይ።"

ስልኩን ዘግታ ልኬቱን ልትጀምር የክፍሉን መብራት አጠፋች።