ለአራት የተቆረጠ ፕላስተር

ልብስ ሰፊው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ግድግዳውን ተደግፎ ሲጋራውን ይምጋል። ሙቀት ስለነበረ የሸሚዙን እጅጌ ከክርኑ በላይ ሰብስቦታል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በኋላ በሩ ብቅ ሲል፣ ዓይኑ በቀጥታ ያረፈው በጓደኛው ክንድ ላይ በተለጠፈች ሚጢጢ ቁራጭ ላይ ነበር።

«ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት? ቴምብር ለጠፉብህ እንዴ? ወዴት ሊልኩህ ነው?»

«ሲጋራ የምታስተው ፕላስተር ናት» አለ ልብስ ሰፊው፣ ጭሱን በአፍንጫው እየለቀቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ሲጋራውን አየ፤ ክንዱን አየ፤ ተመልሶ ሲጋራውን አየ። «ሥራዋን በርትታ ይዛለች» አለ።

ልብስ ሰፊው ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ሲያባራለት ሲጋራውን ረግጦ አጠፋና ከቧንቧው ሥር ቁጭ ብሎ እጁን በሳሙና ያሸው ጀመር። ሳሙናው አልበቃ ሲለው ከኪሱ የሎሚ ልጣጭ አውጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈተገ።

«ምነው፣ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው?»

«ሚስቴ ክር አስገባልኝ ማለቷ አይቀርም» አለ ልብስ ሰፊው። ይህን ጊዜ ሁለቱም ሳቃቸው ጠፋ።

ደንበኞቹ «ጋሽ ብጣሽ» ይሉታል። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ብጣሽ ጨርቅ ጥሎ አያውቅም፤ ከሱሪ የተረፈው ኪስ ይሆናል፣ ከኪስ የተረፈው የኮሌታ መደገፊያ ይሆናል፣ ከዚያም የተረፈው ትራስ ውስጥ ይገባል። ግማሹ በሚበቃበት ቦታ ሙሉውን ማዋል ለእሱ ከነውር የሚቆጠር ነው። የቁልፍ ቤትና ጠርዝ በእጇ የምትሠራለት ሚስቱ ናት። ይህች ሴት ዓይኗ እየደከመ መጥቶ፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት ሰነባብቷል። መነጽር ለመግዛት ብላ የጎረቤት ልብስ እያሳጠረች ያጠራቀመችው ገንዘብ ሊሞላላት ጥቂት ሲቀረው ነበር የባሏ ሳል ከሐኪም ቤት ያደረሳቸው።

«ሳንባ እንደ ሸሚዝ አይቀየርም» አላቸው ሐኪሙ። «ሲጋራውን ማቆም ግድ ነው። የኒኮቲን ፕላስተር ይረዳዎታል፤ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል።»

ሚስቱ ያን ጊዜ ለማሰብ እንኳ ፋታ አልወሰደችም። «መነጽሩ ይቆያል። ዓይኔ የትም አይሄድም፤ አንተ ግን ልትሄድብኝ ነው» አለችው።

ጉዳዩ የተበላሸው ከዚህች ንግግር ጀምሮ ነው። ካርቶኑን ገዝታ እጁ ላይ ስታኖርለት ልብስ ሰፊው የጨበጠው መድኃኒት ሳይሆን የሚስቱ ዓይን መስሎ ተሰማው። የሰው ዓይን በየቀኑ አንድ አንድ እየለጠፉ እንዴት ይጨረሳል? ስለዚህ እሷ በሌለችበት መቀሱን አነሳና እያንዳንዷን ፕላስተር ጥንቅቅ አድርጎ ለአራት ቆረጣት። አንዱ ካርቶን የአራት ካርቶን ዕድሜ ይኖረዋል፤ ሁለተኛ መግዛት አያስፈልግም፤ የቀረው ገንዘብ ለመነጽሩ ይሆናል፤ ይህንንም በመጨረሻ ነግሮ ያስደስታታል። ሐሳቡ ሲታይ እንከን አልነበረውም።

ሩቧ ግን አምሮቱን አልያዘችለትም። አንዱን ደንበኛ ያለ ምክንያት ተቆጣ፤ የኮት እጅጌ ገልብጦ ሰፍቶ ሲፈታ ዋለ። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ከመተላለፊያው ተገኘ። ከዚያ በኋላ መቁረጡን ቢናገር ማጨሱ ሊከተል ነው፣ ማጨሱን ቢናገር የመነጽሩ ገንዘብ በከንቱ መቅለጡ ሊከተል ነው። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ቀኑ ተቆለለ።

ወደ ሱቁ ሲገባ ሚስቱ ከአንዲት ደንበኛ ጋር ጨዋታ ይዛለች።

«መጣህ? በል ክር አስገባልኝ» ብላ መርፌውን ዘረጋችለት። ክሩን በምራቁ አርሶ ሲያስገባ ወደ ጣቶቹ ጠጋ ብላ አሸተተች። «አየሽ እህቴ፣ ድሮ እጁ ምድጃ ምድጃ ነበር የሚለው። ዛሬ ሎሚ ሎሚ ይላል። ባሌ ሰው ሆነልኝ!»

መርፌውን መለሰላትና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ደንበኛዋ እንደወጣች ሚስቱ ቦርሳዋን አነሳች። «ቀኑን ስቆጥር የመጀመሪያው ካርቶን ማለቁ ነው። ሁለተኛውን እንግዛ፤ አንተም ና።»

«ምን ያስቸኩላል? ትንሽ ቢቆይስ?»

«ይህን ያህል ርቀህ ደርሰህ? አይሆንም፤ ተነስ አልኩህ እኮ!»

መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ከመደርደሪያው በስተጀርባ የቆመችው ወጣት ገና ስታያቸው ፈገግ አለች። «እንዴት ሆነልዎት አባባ? ሲጋራውን ፈጽመው ተዉት?»

ልብስ ሰፊው አፉን ከመክፈቱ በፊት ሚስቱ መለሰች። «ፈጽሞ! ሽታውንም ጠልቶታል።»

«እንኳን ደስ አለዎት! መጠኑ የሚቀነሰው ደረጃ በደረጃ ስለሆነ፣ እንግዲህ ቀለል ወዳለው ለመሸጋገር እንዘጋጃለን» አለችና ካርቶን አውጥታ ሰጠቻቸው።

ሚስቱ ካርቶኑን ክንዷ እስከሚችለው ድረስ አራቀችው፤ ቀጥላ አፍንጫዋ ሥር አቀረበችው፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ ለባሏ አሳለፈችው። «እስቲ አንብብልኝ። ገንዘባችንን የምናፈስበትን ነገር እንወቀው።»

የፊተኛውን ካርቶን አንብቦት አያውቅም። መቀስ ይዞ ያረጀ ሰው ለመቁረጥ ጽሑፍ አያማክርም። «በየቀኑ አንድ አዲስ ፕላስተር፣ ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ፣ ቦታ እየቀያየሩ ይለጥፉ» ብሎ አነበበና ቀጣዩ መስመር ላይ ዓይኑ ቀጥ አለ። ቢዘለው ማን ያውቅበታል? ሚስቱ እንደሆነ አታይም። የማታየው ደግሞ በእሱ ምክንያት ነው።

«ቀጥል እንጂ፤ ምን ዋጠህ?»

«ፕላስተሩን አይቁረጡ» ሲል አነበበ። ቀጥሎም በዚያው ድምፅ፣ እዚያው የተጻፈ ይመስል፣ «እኔ ቆርጬዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ፕላስተሩን። ሁሉንም። ለአራት።»

ወጣቷ ደነገጠች። «አባባ፣ ጨርቅ እኮ አይደለም! ሲቆረጥ መድኃኒቱ በጠርዙ በኩል ይተናል፤ ምን ያህሉ ወደ ሰውነትዎ እንደሚገባም አይታወቅም።»

ሚስቱ ግን ሳቋ አመለጣት። «ጋሽ ብጣሽ! መድኃኒቱንም ብጣሽ አደረግኸው!» እያለች ዓይኗ እንባ እስኪያቀር፣ መደርደሪያውን ይዛ ሳቀች። ነገሩን እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ሳቋ ምሕረት ነበር፤ ግን ለሌላ ጥፋት የተሰጠ ምሕረት ስለሆነ ሊቀበለው አልቻለም።

«ሲጋራውንም አልተውኩም» አላት። «ለመነጽርሽ ይተርፋል ብዬ ቆረጥኩት። አልሠራልህ ሲለኝ ማጨሴን ቀጠልኩ፤ ዛሬም ልንወጣ ስንል አጭሻለሁ። እጄን በሎሚ የማሸው ለዚሁ ነው።»

ሳቋ ቀስ በቀስ ከፊቷ ወረደ። «ለስንቱ ሰው አወራሁ» አለች ለራሷ። «ለእህቴ፣ ለደንበኛው ሁሉ፣ ዳቦ ለሚሸጥልን ሰውዬ ሳይቀር።»

«አውቃለሁ።»

«እየሰማኸኝ ዝም አልክ።»

ሚስቱ ወደ ወጣቷ ዞረች። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። በሥርዓቱ ቢለጠፍ ይረዳል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?»

«ይረዳል፤ ተአምር ግን አይሠራም። አምሮቱን ያበርድለታል፤ ብቻውን ከሚታገል ሰው የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል። ክብሪቱን የመጫሩን ነገር ግን ፕላስተሩ አይወስንለትም።»

«ዋጋውስ ለምን እንዲህ ከበደ?»

«የሚከብደው በአንድ ጊዜ ስለሚከፈል ነው፣ እማማ። ሲጋራው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚከፈል አይታወቅም እንጂ እሱም ርካሽ አይደለም።»

«በጥቂት በጥቂቱ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ይኸንንም እሱ ይክፈል።» ቦርሳዋን ዘጋች። «እኔ ዓይኔን ልመረመር ሄጃለሁ» ብላ ወጣች።

ልብስ ሰፊው ለሲጋራ የያዘውን ገንዘብ ከደረት ኪሱ አራግፎ አወጣ። ለሙሉው ካርቶን ባይበቃም፣ ወጣቷ ለሳምንት የሚሆን አነስተኛ እሽግ ፈልጋ፣ ጠንከር ያለውን መጠን ሰጠችው። «እንግዲህ ከመጀመሪያው መጀመርዎ ነው» አለችው።

መነጽር ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ለመግባት ድፍረት አጥቶ ከመስታወቱ ውጪ ቆመ። ሚስቱ አንድ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊደላት ለማንበብ ስትታገል አያት። የላይኞቹን ግዙፍ ፊደላት በጣቷ እየጠቆመች አንብባ ከዚያ በታች ስትደርስ ጣቷን አወረደች። የዓይኗን ድካም መጠን እስከ ዛሬ እንዲህ አላየውም ነበር። እሱ ጠርዝ ሲያሰፋት የኖረው በዚህ ዓይን ነው። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ስትወጣ ክንዱን አልያዘችውም። «የቀረው ገንዘብ ለምርመራውና ለቀብዱ በቃ። ሌላው ይሞላል» አለች፣ ፊት ፊቱን እየሄደች። ሳትዞርም «ነገ ጠዋት፣ እኔ እያየሁ፣ ሙሉውን ትለጥፋለህ» አለች።

«እሺ።»

«ሲያምርህ ደግሞ ለእኔ ነው የምትነግረው።»

«እሺ።»

መታጠፊያው ላይ ያለችው ኪዮስክ መስኮቷ ክፍት ነበር፤ ሲጋራዎቹ በቀለም በቀለማቸው ተደርድረዋል።

«አሁን አምሮኛል» አላት።

ቆማ አየችው። ፊቷ አልተፈታም፤ እንዲፈታም አልጠበቀም። የእጅጌውን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ከኪዮስኳ ፊት እየጎተተች አሳለፈችው።

«በል ተራመድ» አለችው። «ማውራትህን ግን አታቋርጥ።»