አሥራ ስምንት የእንቁራሪት እንቁላሎች

የእህቴ ልጅ ከአይጥ ልብ አንድ ጂን ለይታ ለማውጣት አራት ዓመት ሙሉ ስትማስን ኖረች። ጂኑ፣ ፖታሲየም ከሴል የሚወጣባት ጠባብ በር እንዴት እንደምትሠራ የሚያዝ ነው። በመጨረሻ ተሳካላት። የቀረው፣ ቅጂውን በቀጭን መርፌ እንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ከትቶ፣ እንቁላሉ በሩን ሠርቶ እንደሆነ በኤሌክትሪክ መለካት ነበር።

እኔም ልጠይቃት ቤተ ሙከራዋ የደረስኩት በመለኪያው ቀን ነው። አለቃዋ ሊያይ ይመጣል፤ በማሳያው ላይ ያለው መስመር ካልተነሣ የመለኪያ መሣሪያው ተነቅሎ ለጎረቤት ክፍል፣ ለዝንብ አጥኚዎቹ ይሰጣል።

አለቃዋን ሁሉም «ጓንቱ» ይሉታል። የእጅ ላብ ቅጂውን ስለሚያበላሽ ጓንት አያወልቅም፤ ሰላም የሚለውም በክርኑ ነው።

«አክስቴ፣ እዚህ ቁጭ በይ። ምንም እንዳትነኪ!»

«ይህን ሁሉ አገር ስዞር የሰው ዕቃ ነክቼ አውቃለሁ?»

እሱን ልትቀበል ወጣች። ጠረጴዛው ላይ እንቁላሎቹ ያሉባቸው ሁለት ክብ ሳህኖች አሉ፤ በአንደኛው ክዳን ላይ «ጂን»፣ በሌላው ላይ «ውሃ» ተጽፏል። የኋለኞቹ ለማነጻጸሪያ ባዶ ውሃ የተወጉት ናቸው። ታዲያ ክዳኖቹን ከውስጥ እንፋሎት ሸፍኗቸው ምንም አያሳዩም። ሁለቱንም አንሥቼ፣ ጽሑፉ እንዳይጠፋ ተጠንቅቄ፣ ውስጣቸውን በመሐረቤ ጥርግ አድርጌ መለስኳቸው። እንቁላሎቹ ከምስር ያነሱ፣ ግማሽ ጎናቸው ጥቁር፣ ግማሹ ነጣ ያለ፤ ሲያዩአቸው ደስ ይላሉ።

ጓንቱ ገባና በክርኑ ሰላም አለኝ። የእህቴ ልጅ «ጂን» ከሚለው ሳህን አንድ እንቁላል አውጥታ በሁለት መርፌ ወጋችው። መስመሩ ተኛ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ያው።

«ዝንቦቹ ደስ ይላቸዋል» አለ ጓንቱ።

«ውሃውንም ልለካ፤ ደንቡ ነው» አለች የእህቴ ልጅ።

የ«ውሃ»ው እንቁላል ሲወጋ መስመሩ ዘሎ ጣሪያ ነካ።

«ውሃሽ ልብ አወጣ እንዴ?»

እኔ ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ። «የኔ ልጅ... ክዳኖቹን ጠርጌያቸው ነበር።»

«አክስቴ!»

«እማማ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ?» አለ ጓንቱ።

«ንጽሕና በግማሽ ይሆናል እንዴ? ይልቅ ስም ክዳን ላይ የሚጽፈው ማነው?»

የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው አመለከተች። «ስም ክዳን ላይ ይጻፍ» ይላል ማስታወቂያው፤ ከሥሩ የጓንቱ ፊርማ።

ጓንቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክዳን መቀያየሩ በምን ይታወቃል? ውሃው ተበክሎ ቢሆንስ?»

እሷ ግን መዝገቧን እየገለበጠች ነበር። «ሁለት ፈንድተውብኛል! ጂን የገባባቸው አሥራ ስምንት፣ ውሃ የገባባቸው ሃያ!»

ሦስታችንም ጭንቅላታችንን ገጥመን፣ የተለኩትንም ጨምረን ቆጠርን። ጓንቱ ሦስት ጊዜ ቆጠረ፤ ሁለተኛው ላይ ስላወራሁበት ተሳስቷል። «ውሃ» በሚለው ክዳን ሥር አሥራ ስምንት፣ «ጂን» በሚለው ሥር ሃያ።

«የቱ የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ ለካሽ ማለት ነው» አለ ፊቱ እየፈካ። «ለውጤቱ ማድላት አልቻልሽም! ከዚህ የጠራ መለኪያ ከየት ይመጣል? መሣሪያው ከዚህ ንቅንቅ አይልም።»

ከዚያም ጓንቱን አውልቆ እጄን ጨበጠኝ። እጁ ሲታጠብ እንደዋለ ሰው እጅ ነጥቶ ተጨማዷል። ወዲያው እጁን አየ፣ የእኔን አየ፣ መሐረቤንም አየ፤ አዲስ ጓንት ፍለጋ ሮጠ።

የእህቴ ልጅ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ወንበሩን ጎትታ ከበሩ ውጭ አስቀመጠችልኝ።