ባልቻ ይሙት

«አበልጄ፣ በሞትኩት፣ እህል ቅመሺ!» አለ ማስረሻ፣ የጠቀለለውን ጉርሻ ዓባይነሽ አፍ ድረስ ዘርግቶ።

ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር በተተከለው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ የኮንዮ ኮንዮ ገበያ ነጋዴ ሁሉ አፍ አፏን ያያል። ከማስረሻ እጅ ከጎረሰች ይቅር አለች ማለት ነው፤ ሁሉም ከነገ ጀምሮ ሱቁ ውስጥ በሰላም ይቀመጣል። እሷ ግን ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ከሴቶች እጅ ብቻ ነው የቀመሰችው። ከዚህ ሰውዬ እጅ ከምትጎርስ ረሃብ ይግደላት!

ሟቹ ባሏ ባልቻ ሳሙና ቸርቻሪ ከመሆኑ በፊት የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ ምላሱ ደግሞ አያርፍም። ቀረጡ እንደገና ተጨምሮ፣ መክፈል ያቃተው ሁሉ ሱቁ ሲታሸግበት፣ የድሮ የአሜሪካ ገበሬዎችን ወሬ አመጣ።

«ለአገራቸው ተዋግተው ሲመለሱ ዕዳና ግብር ጠበቃቸው። መሬታቸው በፍርድ ሊወሰድ ሲል ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ዳኛ አናስገባም አሉ። እኛስ ቀረጥ ቢሮው በር ላይ ብንቆም?»

«መጨረሻቸው ምን ሆነ?» አለ ማስረሻ።

«መድፍ ተተኮሰባቸው። ወሬያቸው ግን ይኸው ጁባ ደረሰ» ብሎ ሳቀ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተባለ። ከሁሉ ቀድሞ የተነሳው ማስረሻ ነው። «ባልቻ ይሙት፣ እቆማለሁ!» ብሎ ማለ። በሰው ነፍስ መማል ምን ያስከፍላል? ሌላውም «ባልቻ ይሙት» እያለ ወደየቤቱ ገባ።

በማግስቱ በሩ ላይ የቆመው ባልቻ ብቻውን ነበር። ዘበኞቹ በሰደፍ ሲደበድቡት ጩኸቱ እስከ ሱቆቹ ተሰማ። ማስረሻ ስኳር እየመዘነ ነበር፤ መዝኖ ጨረሰ።

«ማሌሽ፣ ይቅር በይኝ፣ ዓባይነሽ» አለ አሁን፣ ጉርሻውን እንደያዘ። «ፈርቼ ነው። ልጅ አለኝ።»

«እኔም ባል ነበረኝ» አለችና ፊቷን አዞረች።

በዞረችበት በኩል የማስረሻ ልጅ ሀኒ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ቆማለች። ክርስትና ያነሳቻት ዓባይነሽ ናት። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ከአጠገቧ ሳትለይ፣ በእንባ የራሰ ነጠላዋን የምታጥብላት ሀኒ ነበረች።

ማስረሻ የሰዉ ዓይን ከበደው። ከጉርሻው ወጡ ምንጣፉ ላይ ተንጠባጠበ።

«ካልጎረስሽ ሀኒ ትሙት!» አለ ጮክ ብሎ። «ሀኒ ትሙት!»

ዓባይነሽ የዚህን ሰው መሐላ ታውቀዋለች። ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት፤ ሀኒ ምንም ሳይመስላት ውሃ ልታፈስላት ጎንበስ ብላለች።

ዓባይነሽ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።